ሐረጎ ላይ የምትበራው መብራት

ባለፈው ስለ ቅናት ስናወራ «ደግሞ ስለ ገንዘብ ጻፊልን» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ፡፡ እሺ፣ ዛሬ ስለ ገንዘብ ነው፡፡ ግን ወሬው በጋራዥ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ልብሳችሁን ዘይት ቢነካው አትቀየሙኝ፡፡ «አንቺን ከሞተር ጋር ምን አገናኘሽ?» የሚለኝም አይጠፋም፡፡ እውነት ነው፤ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ስወጣ ከፊዚክስ የተረፈኝ የኦም ሕግ ብቻ ነው፡፡ እሱንም ለፈተና ብዬ የሸመደድኩት ነበር፡፡ አንድ ቀን ኮምቦልቻ ላይ ያሳፍረኛል ብዬ መች አሰብኩ!

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ደሴ ውስጥ አንዲት አብሮ አደጌ አለች፡፡ ስሟ ይቆየን፡፡ ፒያሳ አካባቢ ልብስ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፡፡ እጮኛዋ ደግሞ ሹፌር ነው፣ ያውም የራሱን መኪና የሚነዳ፡፡ ግማሹን ዋጋ ከአጎቱ ተበድሮ የገዛት የኮሪያ ስሪት የቤት መኪና አለችው፡፡ ሥራው ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የወረደውን እንግዳ እየጫነ ደሴ ማድረስ ነው፡፡ ደሴ እንደምታውቋት ጦሳ ሥር ተወሽቃ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አውሮፕላን የት ይረፍባት? ስለዚህ ወደ ደሴ የሚበር ሰው ሁሉ ኮምቦልቻ ወርዶ ሐረጎን በመኪና መውጣት ግዴታው ነው፡፡

ሐረጎን ለማያውቅ ትንሽ ልንገር፡፡ ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፡፡ ግን ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ስትቀመጥ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፡፡ ያንን ሁሉ ከፍታ በጥምዝምዝ ዳገት ነው የምትወጡት፡፡ ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በዚህ በኩል መንገድ ሲቆፍር ቃሉንም አብሮ ትቶልን ሄዷል፡፡ ኮፈን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ሚኒሞ የሚሉት ሁሉ የእሱ ናቸው፡፡ የዛሬው ጣጣችን ግን ከጣሊያን በኋላ የመጣ ስለሆነ ስሙ «ሴንሰር» ነው፡፡

እናላችሁ፣ ልጁ ከኮምቦልቻ ሰው ጭኖ ሐረጎን ሲወጣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት ቦግ ትላለች፡፡ መኪናዋም ጉልበት ይከዳታል፡፡ ደሴ እንደደረሰ ወደ አንድ ጋራዥ ይወስዳታል፡፡ መካኒኩ ማሽን ሰክቶ ያነባል፣ መብራቷን ያጠፋል፣ ዘይት ይቀይራል፡፡ ሁለት ሦስት ቀን ደህና ይሆናል፡፡ ከዚያ ጭነት ከብዶ ሐረጎን ሲወጣ፣ ቦግ! ሦስተኛው ላይ መካኒኩ ፈረደ፡፡ «ዘይትህ ከልክ በላይ እየሞቀ ነው፡፡ የዘይት ፓምፑ ደክሟል፡፡ ሞተሩ ካልተከፈተ ዳገት ላይ ነክሶ ይቀርብሃል» አለው፡፡ ዕቃና የእጅ ዋጋ ተደምሮ 140 ሺህ ብር!

ልጁ 140 ሺህ ብር የለውም፡፡ እሷ ግን አላት፡፡ ዕቁብ ደርሷት ለሠርግ ብላ አስቀምጣዋለች፡፡ ጠየቃት፡፡

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው፡፡ ጓደኛዬ ያችን መብራት አንድም ቀን አይታት አታውቅም፡፡ እሱ በሥራ ቀን ሲበራበት ያስጠፋታል፤ እሁድ እሁድ ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው፣ መኪናዋም ባዶ ሆና፣ ከሆጤ እስከ ሰኞ ገበያ ሲንሸራሸሩ መብራቷ የለችም፣ ጉልበት ማጣቱም የለም፡፡ «ከእኔ ጋር ሲሆን ለምን አይበራም?» ብላ መጣችልኝ፡፡ እኔስ ምን አልኩ? ምክር ሰጪ ተብዬዋ! «መብራቱን በዓይንሽ ሳታዪ አንድ ብር እንዳትሰጪው፤ የዘንድሮ ወንድ በመኪና እያሳበበ ስንቱን ገንዘብ በልቷል» አልኳት፡፡ እሷም ቃሌን ሳትጨምር ሳትቀንስ ሄዳ ነገረችው፡፡ «እሷ እንዲህ አለች» ብላ ስሜንም ጨምራ!

ልጁ አልተቆጣም፡፡ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፡፡ ዝም አለ፡፡ ሦስት ሳምንት ያህል ከጓደኛዬ ጋር በሰላምታ ብቻ ሰነበቱ፡፡

አንድ ሐሙስ ለራሴ ጉዳይ ኮምቦልቻ ወርጄ ሳለ ደወለልኝ፡፡ «ከአውሮፕላን ማረፊያ ሦስት ሰው ጭኜ እየወጣሁ ነው፣ የፊት ወንበር ባዶ ነው፤ ነይና ተቀመጪ» አለኝ፡፡ ገባኝ፡፡ ሄድኩ፡፡ ኋላ ሦስት እንግዶች፣ ሻንጣቸው ከነካርቶኑ ታጭቋል፡፡ ሐረጎ ጀመረ፡፡ አንዱን ጥምዝ አለፍን፣ ሁለተኛውን አለፍን፤ ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ ሲሰጣት ቢጫዋ መብራት ፊቴ ላይ በራች፡፡ መኪናዋም እንደደከመ በቅሎ ተንፈስ አለች፡፡ ምንም አልተናገረም፡፡ በጣቱ ብቻ አሳየኝ፡፡ ወገኖቼ፣ ያን ቀን የተቀመጥኩበት ወንበር እሾህ ነበር፡፡

እንግዶቹን አውርደን «በል ተመለስ፣ ኮምቦልቻ የማውቃቸው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሉ» አልኩት፡፡ አባቴ ላዳ ይነዳ በነበረበት ጊዜ ይሠሩለት የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፡፡ መጀመሪያ የጠየቁት «ማሽኑ ምን ነበር ያለው? ቃል በቃል ንገረኝ» ብለው ነው፡፡ ልጁ በሞባይሉ ያነሳውን ፎቶ አወጣ፡፡ (ይህችን ያዙልኝ፤ መካኒክ ኮድ ከማጥፋቱ በፊት ፎቶ አንሱ፡፡) ፎቶው ላይ «ፒ 0198» የሚል ቁጥር አለ፤ አጠገቡ በእንግሊዝኛ የሞተር ዘይት ሙቀት ሴንሰር ይልና መጨረሻው ላይ «ሃይ» ይላል፡፡

ሽማግሌው ሳቁ፡፡ «ይኸው ‹ሃይ› ነው ጉድ የሠራችሁ» አሉ፡፡

የደሴው መካኒክ «ሃይ» ሲል ያየውን፣ ከፍተኛ ሙቀት ብሎ ተረጎመው፡፡ አትፍረዱበት፤ ዳገት ነው፣ ጭነት ነው፣ ጉልበት አጥታለች፣ ማሽኑም «ከፍተኛ» ብሏል፡፡ ማንም ቢሆን ዘይቱ ነደደ ይላል፡፡ ነገር ግን እዚህ ላይ ከፍ ያለው ሙቀቱ ሳይሆን በሽቦው ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ነው፡፡ በእንደዚህ ዓይነቱ ሴንሰር ደግሞ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ትርጉሙ ተቃራኒ ነው፤ ዘይቱ በረዶ ሆኗል ማለት ነው!

እንዴት? ሽማግሌው እንዲህ ብለው አስረዱኝ፡፡ ኮምፒውተሩ ወደ ሴንሰሩ 5 ቮልት ይልካል፡፡ ሴንሰሩ በር ላይ እንደተቀመጠ የደሴ ሰው ነው፡፡ ብርድ ሲሆን ጋቢውን ተከናንቦ በሩን ይዘጋል፤ ኤሌክትሪኩ ማለፊያ አጥቶ ከበሩ ወዲህ ይጠራቀማል፣ ቮልቴጁም ከፍ ይላል፡፡ ሙቀት ሲመጣ ጋቢውን ጥሎ በሩን ይከፍታል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ማሳ ያልፋል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል፡፡ በብዙዎቹ ሴንሰሮች በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ2 እስከ 3 ሺህ ኦም የሚደርሰው መከላከያ፣ በ80 ዲግሪ ላይ 300 ኦም አካባቢ ይወርዳል፡፡ ትክክለኛው ቁጥር እንደየመኪናው ይለያያል፡፡ (የኦም ሕግ እዚህ ጠበቀኝ አላልኳችሁም?)

«እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው «ሽቦው ቢበጠስስ? በሩ ጨርሶ ተዘጋ ማለት ነው፡፡ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ነው፡፡ ሐረጎ ላይ 40 ዲግሪ ውርጭ አይተሽ ታውቂያለሽ ልጄ?»

ሌሎቹም ቁጥሮች ዘመዳሞች ናቸው፡፡ 0195 ሲል በጥቅሉ የሴንሰሩ መስመር ተበላሽቷል ነው፡፡ 0196 ንባቡ አሳማኝ አይደለም ማለት ነው፡፡ 0197 ቮልቴጁ ከመጠን በላይ ወርዷል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው ከማሳ ጋር ተነካክቷል፡፡ 0198 የኛው ነው፡፡ 0199 ደግሞ አንዴ የሚመጣ አንዴ የሚሄድ ሲሆን ነው፡፡ ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግራችሁ የትኛውን መስመር እንደምትመረምሩ እንጂ የትኛውን ዕቃ እንደምትገዙ አይደለም፡፡

«ታዲያ ጉልበት ያጣችው ለምንድነው?» አለ ልጁ፡፡ ጥሩ ጥያቄ ነበር፡፡ እንደሱ መኪና ባሉት ሞተሮች ላይ የቫልቮቹ አከፋፈት ሰዓት በዘይት ግፊት ነው የሚስተካከለው፡፡ ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ኮምፒውተሩም ያንን ለማስላት የዘይቱን ሙቀት ማወቅ አለበት፡፡ ንባቡ አላምን ሲለው ለጥንቃቄ ብሎ ያንን ሥራ ይቀንሳል ወይም ያቆማል፡፡ ያኔ ዳገት ላይ ድካም ይሰማችኋል፡፡ ሞተሩ ታሞ ሳይሆን ተጠንቅቆ ነው ማለት ነው፡፡

መኪናዋ እሳቸው ግቢ አደረች፡፡ እኔም ደሴ አልተመለስኩም፤ አክስቴ ቤት አደርኩ፡፡ እንዴት ልሂድ?

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ማሽናቸውን ሰኩና የቀጥታውን ንባብ ከፈቱ፡፡ ሌሊቱን የቆመች መኪና የራዲያተር ውሃዋም ዘይቷም ከጠዋቱ አየር ጋር እኩል መሆን አለባቸው፡፡ ውሃው 18፣ ዘይቱ 18፡፡ «ሴንሰሩ ደህና ነው» አሉ፡፡ ሞተሩ ተነሳ፡፡ ውሃው ቶሎ ቶሎ ሞቀ፣ ዘይቱ ደግሞ ኋላ ኋላ እየተከተለ መጣ፡፡ እንደዚህ መሆኑም ደግ ነው፡፡ ዘይቱ 80 ሲደርስ ሶኬቱን ነቀሉት፤ ንባቡ በአንዴ ከዜሮ በታች 40 ገባ፡፡ ቀጥለው የሶኬቱን ሁለት ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኙ፤ ንባቡ ወደ ላይኛው ጣሪያ ተወነጨፈ፡፡ ይህ የሚያሳየው ኮምፒውተሩም ሽቦውም በዚያች ደቂቃ ጤነኛ መሆናቸውን ነው፡፡ ንባቡ አልነቃነቅ ቢል ኖሮ ጥፋቱ ከሶኬቱ ወደ ኮምፒውተሩ በሚሄደው መስመር ላይ ነበር፡፡ ይህንን ግን ሽቦውን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው የሚያደርገው፤ እናንተ ኮፈን ከፍታችሁ ያገኛችሁትን ሶኬት ሁሉ በሽቦ እንዳታገናኙ አደራ፡፡

ልጁ ተስፋ ቆረጠ፡፡ «ሁሉም ደህና ከሆነ ታዲያ ምንድነው?» አለ፡፡ እኔም ወደ 140 ሺው ብር በሐሳቤ ሮጥኩ፡፡ ሽማግሌው «አብሽር» አሉት፡፡ «ሐረጎን ወደዚህ እናምጣው፡፡»

እንዴት እንደሚያመጡት ስጠብቅ ልጁን መሪው ላይ አስቀመጡት፡፡ ፍሬኑን ጥብቅ አድርጎ እንዲረግጥ፣ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ቀስ እያደረገ ትንሽ እንዲለቅ አዘዙት፡፡ ማንም ሰው ከመኪናዋ ፊት እንዳይቆም አባረሩን፡፡ ሞተር ጭነት ሲሰማው በመቀመጫው ጎማዎች ላይ ዘንበል ይላል፡፡ ዘንበል አለ፡፡ ማሽኑ ላይ 82 ይል የነበረው ዘይት ከዜሮ በታች 40 ሆነ፡፡ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፤ 82፡፡ ደግሞ ለቀቀ፤ ከዜሮ በታች 40!

ዘይት በዓይን እርግብታ ከመቶ ዲግሪ በላይ አይወርድም፡፡ አይወጣምም፡፡ እንዲህ የሚዘለው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፡፡

የሽቦውን ሽፋን ገላለጡት፡፡ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ለሌላ ሥራ ሞተሩን ነካክቶ ሲጨርስ ሽቦውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥርቅም አድርጎ አስሮታል፡፡ መፈናፈኛ የለውም፡፡ ሞተሩ ዳገት ላይ ዘንበል ባለ ቁጥር ሽቦው እየተሳበ፣ እየተሳበ፣ ውጪው ላስቲክ ጤነኛ መስሎ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጣጥሷል፡፡ አረንጓዴ ሆኖ የቀሩት ሁለት ሦስት ክሮች ናቸው፡፡ ባዶ መኪና በሜዳ ላይ ሲሄድ ክሮቹ ይነካካሉ፡፡ አራት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ሐረጎን ሲወጣ ይለያያሉ፡፡ ጓደኛዬ እሁድ እሁድ መብራቷን ያላየችው ለዚህ ነበር፡፡

ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ሽቦ ቀጠሉ፣ በቆርቆሮ በየዱ፣ በሙቀት የሚጠብቅ ሽፋን አለበሱት፣ ለመወዛወዣ ትርፍ ተዉለት፣ ከጭስ ማውጫውም አራቁት፡፡ ስንት ጠየቁ? 1,800 ብር፡፡ ከነማደሪያው!

ቡና እየጠጣን አንድ ነገር አጫወቱን፡፡ ሴንሰር ፈትቶ በፈላ ውሃ የሚፈትን መካኒክ አለ፤ መጽሐፉ «በ100 ዲግሪ ይህን ያህል ኦም» ይለዋል፣ እሱም ሲለካ ቁጥሩ አልገጥም ሲለው ጤነኛውን ሴንሰር ይጥላል፡፡ ደሴ ላይ ግን ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በ94፡፡ ከፍታው ነው፡፡ ባቄላ ደሴ ላይ ለምን አልበስል ብሎ እንደሚያስቸግር ያኔ ገባኝ፡፡ ስለዚህ ቴርሞሜትር ሳትይዙ በፈላ ውሃ አትማሉ፡፡

አሁን አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ፤ ይህን አንብባችሁ «መብራት ሁሉ ሽቦ ነው» ብላችሁ እንዳትነዱ! ቢጫዋ የሞተር መብራት ሳትርገበገብ ከበራችና መኪናው ያልተለመደ ድምፅ ከሌለው ቀስ ብላችሁ ጋራዥ መድረስ ትችላላችሁ፡፡ ቀዩዋ፣ የዘይት መቅጃ ሥዕል ያለባት ግን የሙቀት አይደለችም፤ የዘይት ግፊት ናት፡፡ እሷ ከበራች ሐረጎ አትበሉ፣ ሠርግ አትበሉ፣ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፡፡ የራዲያተር ሙቀት መብራትም እንዲሁ ነው፡፡ በዚያን ጊዜ መካኒኩ «ይከፈት» ቢላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል፡፡ ያም ቢሆን ከመክፈቱ በፊት የዘይቱን ግፊት በጌጅ ይለካ በሉት፡፡ የደሴው ጋራዥ ይህችን አንዲት ነገር አድርጎ ቢሆን ኖሮ ፓምፑ ጤነኛ መሆኑን ያኔውኑ ባወቀ ነበር፡፡ ለካ ሦስት ጊዜ ዘይት ሲቀይር አንድም ጊዜ አልለካም!

ወደ ሰዎቹ ልመለስ፡፡ ያን ዕለት ማታ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ «ተሳስቼ ነው የመከርኩሽ» አልኳት፡፡ መብራቱን አይቻለሁ፣ የተቆረጠውንም ሽቦ ይዤልሽ መጥቻለሁ ብዬ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት፡፡ ቁራጩን ሽቦ አገላብጣ አየችው፡፡ «እውነቱን ነበር ማለት ነው» አለች፡፡ ከዚያ ስልኳን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፡፡ 140 ሺው ብር አለ፡፡ ሠርጉም በቀጠሮው ጥር ላይ እንደሆነ ነው፡፡ እኔም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ «ችግር የለም» ብሎኛል፡፡ ችግር የለም ሲል ግን ዓይኔን አላየኝም፡፡

ባለፈው ቅዳሜ አብራው ኮምቦልቻ ወርዳ ነበር፤ ስትመለስ ኋላ ሦስት እንግዳ ተጭኖ፡፡ ሐረጎን ወጡ፣ መብራቷ አልበራችም፣ መኪናዋም አልደከመችም፡፡ «እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት፡፡

«ከታች እስከ ላይ ዳሽቦርዱን ስመለከት ነው የወጣሁት» አለችኝ፡፡ «እንደማየው ደግሞ አይቷል፡፡»